የመድኃኒት መለኪያ ለሚያይ ዓይን ብቻ መሠራት የለበትም

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው ልኩ መሆኑን ሁላችንም ስንሰማ ኖረናል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ለአንድ በሽተኛ መድኃኒቱን ሰጥተን ልኩን የሚያውቅበትን መንገድ ካልሰጠነው፣ መድኃኒቱን ገና በሙሉ አልሰጠነውም ማለት ነው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ዕድል ባገኘሁ ጊዜ ስለ ፈተና ወይም ስለ ወጣትነት ከመጻፍ ይልቅ፣ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ስለምትገኝ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ለመጻፍ የመረጥሁት ስለዚህ ነው። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ የመድኃኒት መለኪያ የሚያይና የሚያነብ ሰው ብቻ እንዲጠቀምበት ሆኖ መሠራቱ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱንም ለማረም ከብዙ ገንዘብ ይልቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ማሰብ ነው።

አያቴ ዓይነ ስውር ናቸው። ብርሃናቸውን ያጡት በትራኮማ ነው። የዓይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየተቀለበሰ ብሌናቸውን ሲፍቀው ኖሮ በመጨረሻ ጨለማ ሆነባቸው። ይሁን እንጂ ሥራ ፈትተው ተቀምጠው አያውቁም። ጥጥ ይፈትላሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ሩዝ ተወቅቶ ሲሰፈር ቁናው ሞልቶ እንደ ሆነ ወይም ጎድሎ እንደ ሆነ በመዳፋቸው ዳብሰው ይናገራሉ። በልክ ነገር ማንም ሊያታልላቸው አይችልም። የቤታችንን ልጆች ሁሉ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል እስክገባ ድረስ የአያቴ ዓይን ነበርሁ። የደም ግፊት ክኒናቸውን ጠዋት ጠዋት ቆጥሬ በመዳፋቸው የማኖር፣ የሚያልቅበትንም ቀን የማስታውስ እኔ ነበርሁ። በኋላ ግን ለትምህርት ወረታ ከተማ ቤት ተከራይቼ ስኖር፣ እሳቸው ከፎገራ ሜዳ ከሚገኘው ቤታችን ቀሩ። ወላጆቼም ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ስለሚውሉ ትንሿን እኅቴን የሚጠብቋት አያቴ ሆኑ።

ከሁለት ዓመት በፊት በመስከረም ወር፣ የርብ ወንዝ ውሃ ከሜዳው ገና ሙሉ በሙሉ ሳይሸሽ፣ የአራት ዓመቷ እኅቴ ጉንፋንና ሳል ያዛት። አባቴ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሽሮፕ ገዛላት። የሸጠለትም ሰው «ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር በቀን ሦስት ጊዜ፤ መስመሩ ክዳኗ ላይ አለ» አለው። አባቴ ከነገሩ ሁሉ በልቡ የቀረው ግማሽ የሚለው ብቻ ነበርና፣ ወደ ማሳ ሲሄድ ለአያቴ «ክዳኗን ግማሽ እያደረጉ ይስጧት» አላቸው። አያቴም ጣታቸውን ወደ ክዳኗ ከትተው፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ፣ ልክ ግማሹን ለክተው ሰጧት። ክዳኗ ሙሉ ስትሆን የምትይዘው 10 ሚሊ ሊትር ስለ ነበረ፣ ልጅቱ የታዘዘላትን እጥፍ ጠጣች ማለት ነው። በማግሥቱ እንቅልፍ ተጭኗት ስትዝለፈለፍ እናቴ ደርሳ አዝላ ወደ ጤና ኬላ ወሰደቻት። ምስጋና ይድረሰውና ልጅቱ ዳነች።

አያቴ ግን አልዳኑም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ከእንግዲህ ወዲህ በእጄ ለማንም መድኃኒት አልሰጥም» ብለው ማሉ። ያን ሁሉ ልጅ ያሳደገ እጅ በአንዲት የፕላስቲክ ክዳን ምክንያት የማይታመን እጅ ሆኖ ቀረ።

እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ የተሳሳተው ማን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አያቴ የተነገራቸውን በትክክል ፈጽመዋል። አባቴ የሰማውን አስተላልፏል። ሻጩም ቁጥሩን ተናግሯል። በመጨረሻ ክዳኗን አንሥቼ ብመለከታት፣ መስመሮቿ ከራሷ ከፕላስቲኩ የማይለይ ቀለም ያላቸውና እጅግ ቀጫጭን ስለ ነበሩ፣ እኔ እንኳ የማየው ሰው ወደ ፀሐይ ካላዞርኋት በቀር ላነባቸው አልቻልሁም። በጣት ሲዳሰሱማ ከነጭራሹ የሉም። እንግዲህ የተሳሳተው መሣሪያው ነው። መሣሪያው ሲሠራ አያቴን የመሰለ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ስሕተት ለማያይ ሰው ብቻ የተመደበ አለመሆኑንም በእኔው ልናገር። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በስልኬ ብርሃን ክኒን ስፈልግ፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ክብ ስለ ነበሩ፣ የደም ግፊቱን ትቼ ሌላውን ለአያቴ አቀበልኋቸው። በጣታቸው አገላብጠው «ልጄ፣ ይኼ የኔ አይደለም፤ የኔ መሐሉ ላይ መስመር አለው» ብለው መለሱልኝ። ያን ሌሊት ያየችው የሳቸው ጣት ነበረች፤ ዕውሩ እኔ ነበርሁ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት መሠረት ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸውም ከ1,000 ሰው 16 ማለት ነው። ከምክንያቶቹም ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ሲሆን፣ ትራኮማ 11.5 ከመቶ ይዞ ነበር። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል 62.6 ከመቶ የሚሆኑት የትራኮማ ሕመም ታይቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ሆኖም በዚያ ዘመንና ከዚያ በፊት ዓይናቸው የተጎዳ እናቶችና አባቶች ዛሬ አርጅተው በየቤታችን ናቸው። እርጅና ደግሞ ከክኒን ጋር ይመጣል። ስለዚህ ብዙ መድኃኒት የሚወስደውና መድኃኒቱን ለይቶ ማየት የማይችለው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መልካሙ ነገር ልለፍ። በአሳብ የተሠራ መለኪያ ወደ ፎገራ መጥቶ አያውቅም ማለት አይቻልም። የትራኮማ መድኃኒት በዘመቻ ሲታደል ያየ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለሕፃን የሚሰጠው እንደ ክብደቱ መጠን ነው፤ ለአንድ ኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ያህል ይታሰባል። ነገር ግን ሚዛን ተሸክሞ ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከጎጥ ጎጥ መዞር፣ ለእያንዳንዱም ልጅ ስሌት መሥራት አድካሚ ስለ ሆነ፣ ልጁ መስመር በተደረገበት በትር አጠገብ እንዲቆም ይደረጋል። ቁመቱ የደረሰበት መስመር ስንት እንደሚገባው ይናገራል። ለዐዋቂ ሰው ባለ 250 ሚሊ ግራም 4 ክኒን ነው፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን በዚህ ፈንታ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ያገኛል። በትሩ ስሌቱን ስለ ሠራተኛው አስቀድሞ ሠርቶ ጨርሶታል። ማንም በሰልፉ ላይ ቆሞ ማባዛትና ማካፈል አያስፈልገውም። መስመሮቹ በቀለም ብቻ መሆናቸው ቀርቶ በቢላዋ ተቀርጸው ቢሆኑ ኖሮ፣ አያቴ ራሳቸው በትሩን ይዘው ሊሠሩበት ይችሉ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ በጤና ኬላዎቻችን የሚገኘው ለሕፃናት የሳንባ ምች የሚሰጠው አሞክሲሲሊን ነው። ቀድሞ የሚታወቀው ዱቄቱ በጠርሙስ ውስጥ ሆኖ፣ እስከ ምልክቱ ድረስ ውሃ ተጨምሮበት፣ ተበጥብጦ፣ ከዚያም በሚሊ ሊትር የሚለካው ነው። ይህ በአንድ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ማየትን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊ ግራም ያለውና 250 ሚሊ ግራም ያለው ሁለት ዓይነት ስላለ፣ የተሳሳተ ሰው እጥፍ ወይም ግማሽ ይሰጣል። አሁን ግን በጥቂት ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ባለ 250 ሚሊ ግራም ክኒን አለ። እናት የታዘዘላትን ክኒን ቆጥራ በማንኪያ ውሃ ላይ ታሟሟለች፤ በዚህ አለቀ። መለካት የነበረው ወደ መቁጠር ተለወጠ። መለካት ዓይን ይሻል፤ ለመቁጠር ግን ጣት ይበቃል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ብልሃት አላየሁም። የወባው መድኃኒትም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰደው ክኒን በየልኩ ተለያይቶ የሚታሸገው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ወደ ውጭው ዓለም ስንመለከት ደግሞ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ የመድኃኒት ስም በሣጥኑ ላይ በብሬል እንዲታተም አዝዟል። ብሬልን የፈጠረው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በሕፃንነቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በደረሰበት አደጋ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር። መፍትሔው ችግሩን ከሚያውቅ እጅ እንደ መጣ ልብ በሉ። የስኳር በሽታ ላለባቸውም ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1985 የእስክሪብቶ ቅርጽ ያለው የኢንሱሊን መስጫ ተሠርቶ ወጣ። ዛሬ ከእነዚህ እስክሪብቶዎች ብዙዎቹ ጫፋቸው ሲዞር ለእያንዳንዱ መጠን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰጣሉ፤ ስለዚህም የማያይ ሰው በጆሮውና በጣቱ ቆጥሮ ልኩን ሊያውቅ ይችላል።

ነገር ግን የሌላውን አገር መፍትሔ እንዳለ አምጥተን ብንተክለው ሁሉ ይጸድቃል ማለት አይደለም። ብሬል በሣጥኑ ላይ ቢታተም፣ እኛ ዘንድ ብዙ ክኒን ከሣጥኑ ወጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ በትንሽ የወረቀት ፖስታ ነው የሚሰጠን። ሣጥኑ ከመድኃኒት ቤቱ ይቀራል፤ ብሬሉም አብሮት ይቀራል። ደግሞም በሰበታ መርሐ ዕውራንና በመሰሎቹ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ወንድሞችና እኅቶች ብሬልን በሚገባ ያነባሉ፤ በእርጅና ዘመናቸው ዓይናቸው የጠፋ የገጠር እናት ግን ከቶ አልተማሩትም። ስለዚህ ብሬል ለሚያነበው መብቱ ሆኖ ሳለ፣ ለማያነበው ሌላ ምልክት መፈለግ አለበት።

እኔ በበኩሌ አንድ ነገር ሞክሬአለሁ። መርፌ የሌለው የፕላስቲክ ስሪንጅ ይወሰዳል። ከታዘዘው መስመር ድረስ ዘንጉ ይሳባል። ከዚያም ዘንጉ ከበርሜሉ አፍ በሚወጣበት ቦታ ላይ በምላጭ ጥቂት ይፈለፈላል። የማያይ ሰው ዘንጉን ሲስብ ያ ስርጉድ ከአፉ ብቅ ሲል በጥፍሩ ይነካዋል፤ እዚያ ላይም ያቆማል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በሌላ አገር የታወቀ ዘዴ ነው። አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ትክክለኛውን ቦታ አሳይቶኝ ስርጉዱን ከሠራሁ በኋላ፣ ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ በመምህራችን ፈቃድ የመለኪያ ብርጭቆ ተውሼ፣ ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ አያቴን በውሃ ብቻ አሥር ጊዜ አስለካኋቸው። ዘጠኙ ልክ ከመስመሩ ላይ ዐረፈ። በአንዱ ግን አየር ገብቶ ጎደለ።

አያቴ ስላደነቅኋቸው ደስ አላላቸውም። «ይኼን የሠራው የተማሪ እጅ ነው። የኔ ጣት በእንዝርትና በመጅ የደነደነ ነው፤ ጠለቅ አድርገህ ፈልፍለው። ደግሞ ውሃው ይሁን ነፋስ በምን ዐውቃለሁ?» አሉኝ። ሁለቱም ነቀፋ እውነት ነበር። ስርጉዱን አጠለቅሁት። ስለ አየሩም ባለሙያውን ጠይቄ፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ዘንጉን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ መለስ ካደረጉ በኋላ እስከ ስርጉዱ መሳብ እንደሚሻል ነገረኝ። ከዚህ የተማርሁት ትልቅ ነገር፣ መሣሪያውን የሚፈትነውና የሚፈርድበት የሚጠቀምበት ሰው እንጂ የሠራው ሰው አለመሆኑን ነው። በከተማችን በሩዝ ምርምር ማዕከል አዲስ ዘር ከመታደሉ በፊት በማሳ ላይ ይፈተናል እንጂ በቢሮ አይፈረድለትም። ለመለኪያስ ማሳው የሽማግሌዋ እጅ አይደለምን?

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አላልፋቸውም።

አንደኛ፣ «በቤት ውስጥ የሚያነብ ልጅ አይጠፋም፤ እሱ ይለካላቸው» የሚሉ አሉ። ያ ልጅ እኔ ነበርሁ። ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ያድጋል፣ ይሰደዳል፣ ያገባል። መድኃኒቱ ግን በየቀኑ ነው። ከዚህም ሌላ ሰው ሕመሙን ለልጁም ሆነ ለጎረቤቱ መግለጥ የማይፈልግበት ጊዜ አለ። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ዓይነ ስውር ሰው፣ ፖስታውን ያነብለት ዘንድ ምስጢሩን ለሰው ሁሉ እንዲያካፍል መገደድ የለበትም።

ሁለተኛ፣ «አደገኛ ነው፤ ስርጉዱ ቢሳሳትስ?» ይባላል። ይህ ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። የተሳሳተ ምልክት ከምልክት አልባነት የከፋ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ማድረግ ያለበት የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ አንድ ስሪንጅ ለአንድ መድኃኒትና ለአንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት፤ ሕፃን ሲያድግ ልኩ ስለሚለወጥ አሮጌው መጣል አለበት። እንደ ኢንሱሊን ባለ፣ ጥቂት ስሕተት በሚያስከፍልበት መድኃኒት ላይ ደግሞ የቤት ሙከራ ከቶ አይገባም። ሥጋቱ ግን ሥራውን በጥንቃቄ እንድንሠራ ያስገድደናል እንጂ እንድንተወው አይፈቅድም። ዛሬ ያለው የቡና ማንኪያና የጭለማ ግምት ከዚህ ይልቅ አደገኛ ነውና። የመድኃኒት ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው ይባላል፤ የየቤታችን ማንኪያ ግን እንደ ሠሪው ይለያያል።

ሦስተኛ፣ «ለጥቂት ሰው ሲባል ይህን ሁሉ?» የሚል አለ። ለዚህ የምሰጠው መልስ፣ ለማያይ ሰው የተሠራ መለኪያ መብራት በጠፋበት ሌሊት ለሁላችን ይሠራል የሚል ነው። ማንበብ ላልተማረች እናት ይሠራል። መነጽር ለሌለው ሽማግሌ ይሠራል። እንቅልፍ ላልጠገበ አባት ይሠራል። ለብዙኃኑ የተሠራው ክዳን ግን ለጥቂቶቹ አልሠራም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ለመድኃኒት ባለሙያዎች የምለምነው፣ «ገባዎት?» ብለው ብቻ እንዳይሸኙን ነው። «ገብቶኛል» ማለት የጨዋ ሰው መልስ ነውና ሁሉ ይለዋል። በዚህ ፈንታ «እስቲ እንዴት እንደሚሰጡት ያሳዩኝ» ቢሉ፣ የአባቴ ስሕተት እዚያው መስኮት ላይ በታረመ ነበር። የጠዋቱን ብልቃጥ በአንድ ላስቲክ፣ የማታውን በሁለት ላስቲክ ማሰር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ ቃል አይጠቅመውምና በፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይሣልለት። ጣቶቹ በሥጋ ደዌ ወይም በሌላ ምክንያት ለተጎዱ ሰው፣ ተጭኖ የሚዞረው ክዳን እንደ ቁልፍ ስለሚሆንበት በቀላል ክዳን ይለወጥለት፤ ሕፃናትም እንዳያገኙት ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በሚመጣው ዓመት ይህን ሥራው ቢያደርገው እመኛለሁ። በየዓመቱ ለኤግዚቢሽን የምንሠራው የካርቶን እሳተ ገሞራ ማንንም አያድንም። በአካባቢያችን ያሉ ዓይነ ስውራን በእንግድነት ሳይሆን በፈራጅነት ተጠርተው፣ እኛ የሠራነውን በጣታቸው ፈትነው ይጣሉት ወይም ያጽድቁት።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት ለሚገዙና ለሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች የምናገረው አለኝ። አገራችን በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንደምታደርግ ደንግጋለች፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። ይህ ቃል ከወረቀት ወርዶ ክዳን ላይ መድረስ አለበት። የሚቆጠር መድኃኒት ሲገኝ የሚለካው አይመረጥ። የሚለካው ግድ ሲሆን መስመሩ በጣት የሚዳሰስ ይሁን።

አያቴ መሐላቸውን እስከ ዛሬ አላፈረሱም። ነገር ግን ባለፈው ጊዜ ከቤት ስወጣ ያን ባለ ስርጉድ ስሪንጅ «እዚሁ ተወው» አሉኝ፤ በእንዝርታቸው ሙዳይ ውስጥም አኖሩት። አንዳንድ ጊዜ በውሃ እየለኩ እንደሚለማመዱ እናቴ ነግራኛለች። እኔም ይህን የጻፍሁት ሌሎች እጆችም እንዲህ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ነው። በየቤታችሁ ያለውን የመድኃኒት ክዳን ዛሬ ማታ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ለመለካት ሞክሩት፤ የቀረውን ክርክር ክዳኑ ራሱ ይጨርስላችኋል።